ደባሎቹ፦ የድሬዳዋን መድረክ የተሸከመው የጋራ ክፍል

ድሬዳዋ ውስጥ በሆቴል ባንድ የሚጫወት ልጅ ሥራውን የሚጨርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ዕቃውን ጠቅልሎ፣ የዕለቱን ሒሳብ ተቀብሎ፣ ባጃጅ ይዞ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር ሲደርስ የግቢው በር ከተቆለፈ አራት ሰዓት አልፎታል። ቁልፉ አከራይዋ ትራስ ሥር ነው። እሳቸው ደግሞ ለፈጅር ሶላት የሚነሱ እናት ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የብረት በር መደብደብ ነውር ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ለደባሉ ሚስኮል ያደርጋል። ደባሉ ከፍራሹ ተነሥቶ፣ የተኙትን ተራምዶ፣ በባዶ እግሩ ግቢውን አቋርጦ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ይስባል። ጠዋት ደግሞ እሱም የራሱ ሩጫ አለው።

ስለ ከተማችን ሙዚቃ፣ ቀልድና ቴአትር ሲወራ ስለ ተሰጥኦ ይነሣል፣ ስለ መድረክ እጥረት ይነሣል፣ ስለ ስፖንሰር ይነሣል። ስለዚያ በር ከፋች ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳቢያን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ከሦስት ልጆች ጋር በደባልነት ኖሬያለሁ። አንዱ ኪቦርድ ይጫወታል፤ አንዱ የሰርግ ዲጄ ነው፤ ሦስተኛው በስልኩ አጫጭር ቀልድ እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። እኔ የመድረክ ጽሑፍ እሞካክር ነበር። ከአራታችን የወር ደመወዝ ያለው አልነበረም። ያንን ቤት ለብዙ ጊዜ እንደ ችግር ዘመን ትዝታ ብቻ ነበር የማወራው። ቆይቶ ነው ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ፦ ያቺ ክፍል የአራታችን የጥበብ ሥራ ደጋፊ ድርጅት ነበረች። አንዳችን በወሩ ስንጎድል ሌሎቻችን የሞላነው ብር፣ ለወጣት ከያኒ ከሌላ ከየትም የማይመጣ ድጎማ ነው። ችግሩ ይህ ድጎማ ወረቀት የለውም፣ መጠን የለውም፣ ሲፈርስም ማንም አያየውም።

ጣሪያው ድሮ ከየት ይመጣ ነበር?

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለሥራ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ክፍል ተከራይቶ የሠራት ከተማ ስለሆነች የጋራ ኑሮ ለእሷ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የጥበብ ሰው በዚህ ኑሮ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው።

ዓሊ ቢራን እንውሰድ። በ1947 እ.ኤ.አ. እዚሁ ድሬዳዋ ተወለደ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው አፍራን ቀሎ በተባለው ቡድን ውስጥ መዝፈን ጀመረ፤ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል አባል ሆነ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር በሙሉ ያዘነለት ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩ ሲነገር አብዛኛው ሰው የሚይዘው ድምፁንና ግጥሙን ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይታየኛል፦ ከድሬ የሄደውን ወጣት አዲስ አበባ ላይ ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ተቀብሎታል። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ሲኖሯቸው ሙዚቀኛው የሠራዊቱ ሰው ነበር፤ ወር ሲሞላ የሚቆጠር ብር ነበረው። ሰርግ ቢኖርም ባይኖርም፣ ጾም ቢገባም ባይገባም ደመወዙ ይወጣል። ጥበቡ ለአለቃ ትእዛዝ የተገዛ ስለነበር ያንን ዘመን መልሱልኝ አልልም። የምለው፣ አርቲስቱ የኪራይ ቀን ሲደርስ በፍርሃት አይርድም ነበር ነው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ነበር። ያም ቢሆን የፖለቲካ ሥራ የተጫነበት ነበር፤ ግን ለልምምድ አዳራሽ፣ ለመጫወት መሣሪያ ይሰጣል። 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ከሠራዊቱ ባንዶች ብዙዎቹ አብረው ተበተኑ፤ የቀበሌ ኪነትም ከሥርዓቱ ጋር ሄደ። ደመወዝ ከፍለው ተዋናይና ሙዚቀኛ የሚይዙት ትልልቆቹ ቤቶች፣ በ1927 የተመሠረተው አገር ፍቅርና በ1948 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ አበባ ናቸው። ተቋሙ ከድሬ ወጣት ሥር ሲወጣ ቦታውን የያዘው ደባል ነው።

ጾሞቹ እና የኪራዩ ቀን

ኪራይ በየወሩ ይመጣል። የመድረክ ገቢ ግን የሚመጣው በወቅት ነው፤ የድሬዳዋ ወቅት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንዲሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ከተማው ሆቴል ሞልቶ ሰው አልጋ ያጣል፣ ሙዚቀኛም በአንድ ሳምንት የወሩን ይሠራል። ሐረር የሸዋል ኢድ አላት፤ በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ የበለጠ ከፍ ብሏል፣ የሐረሪና የኦሮሞ ዘፈን የሚችል የድሬ ልጅም ያኔ ሐረር ነው።

ከዚያ ድርቁ ይመጣል። በሁዳዴ ክርስቲያኑ አይደግስም፤ በረመዳን ሙስሊሙ አይደግስም፤ በሁለቱም ጊዜ የምሽት ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። ድሬ የሁለቱም ቤት ስለሆነች ድርቁን ሁለት ጊዜ ትቀምሳለች። ከ2016 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው መጡ፤ በ2016 እንዲያውም መጋቢት 2 ቀን ባንድነት ነው የገቡት። ብዙ የማውቃቸው ሙዚቀኞች ያንን መደራረብ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፦ «አቦ! ሁለቱም በር ባንዴ ተዘጋ!»

ነገሩን በቀን መቁጠሪያ ስታዩት ግን መደራረቡ ምሕረት ነበር። ሁለት ድርቅ በአንድ ወጪ አለፈ። የሚያስፈራው 2019 ነው። ጨረቃ ታይታ የሚወሰን ቢሆንም ረመዳን የካቲት 1 አካባቢ ይገባል፤ እሱ ሊያልቅ ሲል የካቲት 29 ሁዳዴ ይያዛል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይረከበዋል ማለት ነው። ወደ 12 ሳምንት ይጠጋል። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት የኪራይ ቀን አለ።

እዚህ ላይ አንድ መጽናኛ አለ፣ እሱም ቋንቋ ነው። ረመዳን ወጥቶ የሙስሊሙ ሰርግ ሲጀምር ክርስቲያኑ ገና ጾም ላይ ይሆናል። በአማርኛ ብቻ የሚዘፍን ልጅ ያኔ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚችል ግን ከድሬው መጋላ ሰፈር እስከ ሐረር ይጠራል። በድሬ ባንዶች ውስጥ ሦስት አራት ቋንቋ የሚዘፍን ልጅ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚፈለገው ድምፁ ስለበለጠ ብቻ አይደለም፤ የመጋቢት ኪራዩን ሊከፍል ስለሚችልም ነው። የኛ ኪቦርዲስት ይህን ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶት በሶማሊኛ ዜማዎች ላይ ወራት አጠፋ።

አንድ ሰው ሲጎድል

አሁን ወደ ሒሳቡ። የዋጋ ጥናት አይደለም፣ አሠራሩን ለማየት ያህል ብቻ ነው፦ የክፍሏ ኪራይ 6000 ብር ነው እንበል። አራት ደባል ሲካፈለው ለያንዳንዱ 1500 ይደርሳል። አንዱ በወሩ ሥራ ካጣ ሦስቱ 2000፣ 2000 ይከፍላሉ፤ እያንዳንዳቸው የሲሶ ጭማሪ ተሸከሙ። ይቻላል፣ ያማል እንጂ ይቻላል። ሁለቱ ከጎደሉ የቀሩት ሁለቱ 3000፣ 3000 ማለት ነው፤ ድርሻቸው እጥፍ ሆነ። ይህ ከሁለት ወር በላይ አይዘልቅም።

ደባልነት ጥሩ የሚሆነው እንግዲህ ችግር በየተራ ሲመጣ ነው። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። አራቱም ከአንድ ሙያ ከሆኑ ግን ችግሩ በየተራ አይመጣም፣ ባንድ ላይ ይመጣል። ሁዳዴ ሲገባ ኪቦርዱም፣ ዲጄውም፣ ዘፋኙም በአንድ ቀን ሥራ ይፈታሉ። ሙዚቀኛ ከሙዚቀኛ ጋር መኖር ይወዳል፤ ልምምዱ፣ ጨዋታው፣ መሣሪያ መዋዋሱ ደስ ይላል። ያየኋቸው የፈረሱት ቤቶች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው። የቆዩት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የውጭ ሰው አለ፦ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ነጻ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የተቀጠረ አንድ ልጅ። የእሱ ደመወዝ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጾም ሲገባ ግን አይቆምም።

ያ ልጅ ግን ምን ያገኛል? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ መልሱም ያሳፍረኛል። ለስሙ በመድረክ ምስጋና አይቀርብለትም፤ ካሴትም ሆነ ቪዲዮ ላይ አይጻፍም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር ይከፍታል። እኛ ቀን ስንተኛ በጫማው ጫፍ ይራመዳል። የዕለት ሳንቲሙን አበድሮ ሲጠይቅ «ገንዘብ ወዳድ» ይባላል። ደባል የሚለው ቃል በአማርኛ ጥገኛነት ይሸታል፤ በነዚህ ቤቶች ውስጥ ግን ጥገኛው ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ የቆመው ነው። በዚህ የምንዋሽ ከሆነ ስለ ጥበብ ድጋፍ የምናወራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቆርቆሮና ቀን እንቅልፍ

ሙቀቱን የማያነሣ ስለ ድሬ ኪራይ የሚጻፍ ነገር ጎዶሎ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው ሰርቪስ ክፍል ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። የቀን ሠራተኛ ያኔ ሥራ ቦታው ነው፤ ማታ ደግሞ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ አየር ላይ ይተኛል፣ ድሬም ያ ባህሏ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ግን የሚተኛው በቀን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተኝቶ 4 ሰዓት ላይ ላቡ ያነቃዋል። በቀን አራት ሰዓት ብቻ እየተኛ ወራት የሚዘፍን ሰው ድምፁ ሲሰበር «ጫት ነው የሰበረው» ይባላል፤ ጫቱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፣ እንቅልፉን የነሣው ግን ቆርቆሮው ነው። በዚህ ሙቀት ውስጥ አንድ ቬንትሌተር ለአራት ሰው ሲሆን ማን ፊት ለፊቱ ይተኛል የሚለው ጉዳይ ጓደኝነት አፍርሶ አይቻለሁ።

የግንብ ቤት፣ ወፍራም ግድግዳና ዛፍ ያለው ከዚራ ሰፈር ነው፤ እዚያ መከራየት ግን ለሌላ ሰው ነው። በርካሽ የሚገኘው ወይ ጓሮ የተቀጠለ ሰርቪስ ነው፣ ወይ የቀበሌ ቤት ውስጥ የተከፈለች ክፍል። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱት ቤቶች ሲከፋፈሉ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኪራይ ተይዘዋል። ነዋሪው አንዷን ክፍል ለደባል ሲያከራይ ትርፉ ጥሩ ነው፤ ግን ቢደረስበት ቤቱን ሊያጣ ስለሚችል ተከራዩን እንደ ዘመድ ያቀርበዋል። «የእህቴ ልጅ ነው» ይባላል። የእህት ልጅ ደግሞ ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ውል አይፈርምም፣ ውጣ ሲባል ይወጣል።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

ቤት ሲፈለግ ደላላው የሚያስተምረው የመጀመሪያ ነገር ሙያን መደበቅ ነው። ሙዚቀኛ ነኝ ያለ ክፍሉን ያጣል፤ የሆቴል ሠራተኛ ነኝ ያለ ያገኛል። አከራዮቹን ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ግቢያቸው ውስጥ ልጆች አሉ፤ በር በሌሊት ይከፈታል፤ እንግዳ ይበዛል፤ ሳውንድ ቼክ ግቢ ውስጥ ያደረገ ዲጄም አይቻለሁ። ግን ከዚያ በታች ያለው አሮጌው የአዝማሪ ንቀት ነው፣ ያ ንቀት ደግሞ በሴቶች ላይ እጥፍ ነው። በሌሊት በባጃጅ የምትመለስ ሴት ድምፃዊ መድረክ ላይ ቆማ እንዳመሸች ለማንም አይታይም፤ ግቢው በሙሉ ሌላ ታሪክ ይሠራላታል። የማውቃቸው ሴት ድምፃውያን ከደባል ይልቅ ከአክስት ወይም ከእህት ጋር መኖርን ይመርጣሉ። በዚያ ምክንያት ልምምድ ቀርቶባቸዋል፤ በኋላም ሥራው ራሱ ቀረባቸው። ወንዱን የሚያቆየው የጋራ ክፍል ለሴቷ አልተሠራም። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ መጻፍ የነበረበት ምናልባት ይሄ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መልካም ነገሮች አሉት። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቤተሰብ ይዞ አንድ ቤት ለተከራየ ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ደባሉ ግን ከሕጉ ጥላ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። ውል ካለም የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ ሦስቱ በቃል ነው የሚኖሩት። ፈራሚው አዲስ አበባ ሄዶ ዕድሉን ልሞክር ሲል የሁለት ዓመቱ ዋስትና አብሮት ይሄዳል። የኛ ቤት የፈረሰው እንደዚህ ነው። የፈረመው ኪቦርዲስቱ ነበር፤ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ፣ ደስ አለን፣ ሸኘነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን አከራያችን አዲስ ዋጋ ነገሩን። ስማችን የትም ስላልነበረ የምንለው አልነበረንም።

ከሕጉ ጋር የሚነሣ ሌላ ነገር የቅጂ መብት ነው። አዋጅ 410/1996 እና በ2007 የወጣው ማሻሻያው ለከያኒው የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥተዋል፣ ሊደነቅ ይገባል። የሆቴል ባንድ ልጅ ግን የሚጫወተው የሌላ ሰው ዘፈን ነው፤ የራሱን ሠርቶ እስኪያስቀርጽ ድረስ ከዚያ የሚደርሰው የለም። ዩቲዩብም ቢሆን ረጅም ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል 1000 ተከታይና በዓመት 4000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ እዚያ እስኪደረስ ያሉትን ወራት የሚከፍለው ያው ደባል ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማይክሮፎኑም፣ ስልኩም፣ የድምፅ ካርዱም ዋጋቸው ስለናረ ወራቱ ረዝመዋል።

ምን ይደረግ?

ለአርቲስት ቤት ይሠራ አልልም፤ ቤት ያጣው አርቲስት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ግን ያለ ብዙ ብር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ደባሎች ሁሉ ውሉ ላይ ስማቸው እንዲገባ መጠየቅ ነው። አከራይ መጀመሪያ ያንገራግራል፤ አንዱ ቢሄድ ሌሎቹ ተጠያቂ እንደሚሆኑ ሲያይ ግን ለእሱም ይሻለዋል። ሁለተኛው እቁብ ነው፦ ተራ እቁብ ሳይሆን ዕጣው ለየካቲትና ለመጋቢት የሚወጣ፣ ከጥርና ከግንቦት ሰርግ የሚጣል የኪራይ እቁብ። ሦስተኛው የከተማው አስተዳደር ድርሻ ነው። የወጣት ማዕከላትና የቀበሌ አዳራሾች በሥራ ቀን ጠዋት ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው። ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት ለልምምድ ቢከፈቱ ጩኸቱ ከግቢ ይወጣል፣ አከራይም ሙዚቀኛን ለመፍራት አንዱን ምክንያቱን ያጣል። ሴቶቹም ቀን በብርሃን የሚለማመዱበት ቦታ ያገኛሉ።

የቀድሞ ደባሌ ዲጄው አሁንም ሳቢያን ነው፣ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ሆጃ እየጠጣን ስለ 2019 የካቲት አነሣሁበት፤ እሱ ከእኔ ቀድሞ ቆጥሮታል። ከአከራያቸው ጋር ተነጋግረዋል። የጥር ሰርግ እንዳለቀ የየካቲትንና የመጋቢትን ኪራይ ባንድነት ሊከፍሉ ተስማምተዋል፤ እማማም በምላሹ የግቢውን ቁልፍ አስቀርጸው ሰጥተዋቸዋል። የሚያዝያው ገና አልተገኘም።